ስለ ላፕቶፑና ስለ ታሂር እውነቱ

ይድረስ ጅዳ ላለው ወንድሜ ለአሊ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብ ሕመምህ ተወህ ወይስ አሁንም መኪና ላይ ስትወጣ ያስቃስትሃል? ባለቤትህ ሀስናስ እንዴት ናት? ትንሿ ሂባ ጥርስ አበቀለች? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም፣ አልሀምዱሊላህ። እናታችን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደሆነ አላረጀም። አምና እንደዚያ ያስጨነቀን ሰማይ ዘንድሮ በሚያዝያ ዝናቡን ለቀቀው፤ አጎታችን ሸህ ረዲ ማሽላቸውን ዘርተው ቡቃያውን ሲቆጥሩ ይውላሉ።

ስልኩን ትቼ በወረቀት የመጣሁት ለምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። የታሂርን ስም ሳነሳ ሁለት ጊዜ ዘግተህብኛል። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ለዑምራ የሚሄዱት ሀጂ ዘካሪያስም በእጅህ ሊሰጡህ አደራዬን ተቀብለዋል። ነገሩ ይህ ነው፦ ከሦስት ሳምንት በፊት ደውዬ «ታሂር ከላፕቶፔ ዕቃ አውጥቶ ወሰደ» ያልኩህ ትክክል አልነበረም። አንተ ያንን ቃል ይዘህ ሌባ እህቴን አያገባም አልክ፤ አባታችን ካለፉ ወዲህ የእህታችን የፈሪሀ ወልይ፣ ጋብቻዋን የምትፈቅድላት፣ አንተ ነህና ኒካሁ ቆመ። ልጁ ንጹህ ነው። እንዴት እንደደረስኩበት ከሥሩ ልንገርህና ፍርዱን ያን ጊዜ ስጥ።

ላፕቶፑን ከላክህልኝ ጀምሮ ማመልከቻ ስጽፍበት አስቸግሮኝ አያውቅም። ችግሩ ፊት ለፊት እየተያየን እናውራ ያልን ዕለት መጣ፤ ሲስተሙ አርጅቷል፣ ፕሮግራሙን አይቀበልም ተባለ። ታሂር ጥገና ሱቅ ወሰድኩትና አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫነልኝ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ዶንግሌን ሰክቼ ስሞክረው ኢንተርኔቱም ፕሮግራሙም ተከፈተ። ደስ ብሎኝ ቤት ወሰድኩትና እንደ ልማዴ ለራሴ እንዲመቸኝ አሰናዳሁት፤ ፊደሉን አተለቅሁ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ የሂባን ፎቶ ፊቱ ላይ አደረግሁ። ከዚያ አንድ ገጽ ልክፈት ብል ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ ግንኙነቱ አያስተማምንም ይላል። ያንተን ፊት የማይበት ፕሮግራምም አልከፈትም ብሎ ቀረ።

መልሼ ታሂር ዘንድ ወሰድኩት። ነካ ነካ ሲያደርገው ሠራ። ቤት ስመልሰው እምቢ አለ። እንደገና ወሰድኩት፣ ሠራ፤ ቤት ሲገባ እንደገና ቀይ። ሦስተኛው ላይ ታሂር እኔ ዘንድ ይደር፣ ረጋ ብዬ ልየው አለኝ። በማግስቱ ልወስድ ስሄድ ከሱቁ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው አልማዝ ጠራችኝና፣ ጀርባውን ፈትቶ አንዲት ክብ ነገር አውጥቶ ኪሱ ሲከት በዓይኔ አይቻለሁ አለችኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላም ጨመረችበት። እኔም ያን ጊዜ ከመጀመሪያው በቀር የድካሙን አልቀበልም ማለቱ ትዝ አለኝና፣ ጥፋት የሌለበት ሰው ለምን በነጻ ይሠራል አልኩ። ለእህታችን ብሎ ይሆናል የሚለው ሐሳብ አልመጣልኝም። ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው ፊት ሌባ አልኩት። ላፕቶፔን ነጥቄ ወጣሁና ለአንተ ደወልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ሳይመሽ ጎብዬ ከተማ ደረሰ፤ በሳምንቱ ላፕቶፕ የሚያሠራ ሰው ሱቁን አልፎ መሄድ ጀመረ።

ሦስት ቀን በንዴት ሳልከፍተው ቆየሁ። ግን ታውቀኛለህ፣ ያልገባኝ ነገር እንጀራም አያስበላኝም፤ የወፍጮ ቤቱን ሞተር ከሥር ካላየሁ ብዬ የዒድ ቀሚሴን ቅባት ያስጠጣሁት እኔው ነኝ። ንዴቱ ሲበርድልኝ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ሌባ ከወሰደ አንዴ ይወስዳል፤ እየመለሰ የሚሰርቅ ሌባ የት አገር አለ? ዕቃው ከጎደለ ሱቁ ውስጥስ ለምን ይሠራል? ደብተር አወጣሁና የሠራበትንና ያልሠራበትን ቦታ ጻፍኩ። ሱቅ ሁሌ ይሠራል፣ ቤት ሁሌ አይሠራም። እንግዲያው የቤታችን መብራት ይሆናል አልኩ፤ ወይ ደግሞ የሰፈራችን ኔትወርክ። ይህንን ለማጣራት ላፕቶፑን ከሱቁ እንደወጣ ሳልከፍተው በሚኒባስ ይዤው ሮቢት፣ የአክስታችን ልጅ ሀሊሜ ዘንድ ሄድኩ። እናታችን «መኪና ተሳፍሮ ኮረንቲ ሊቀምስ የሚሄድ ሰው ዛሬ አየሁ» ብላ ሸኘችኝ።

ሮቢት ላይ ስከፍተው ሠራ። አላልኩም? ጥፋቱ የቤታችን መብራት ነው ብዬ ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩ። ሀሊሜ መጣሽ አይቀር ብላ ለቆጣሪ ማስገቢያ አንድ ማመልከቻ እንድጽፍላት ለመነችኝ። ጽፌ ስጨርስ ቀኑ ላይ በፈረንጅ 2016 ብሎ ቁጭ። የቀበሌው ጸሐፊ እንዳይስቅብን ብዬ ሰዓቱን ከፍቼ ወደ 2008 መለስኩት። ሀሊሜ ደግሞ በይ አሁን የአሊን ፎቶ አሳዪኝ ስትል ገጹን ነካሁት፤ ቀይ ማስጠንቀቂያው ዓይኔ እያየ ድቅን አለ። ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም፤ መብራቱ ያው ነው፣ ኔትወርኩ ያው ነው፣ ታሂር ቆቦ ነው። ከነካሁት የተለወጠው ያ ቀን ብቻ ነው።

ልማዴን እንግዲህ ልንገርህ። ማሽኑ በማመልከቻው ላይ ቀኑን ራሱ እንዲጽፍልኝ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእኛ አቆጣጠር ነበር የሞላሁት፤ ዓመቱን በእኛ፣ ወሩን በእኛ ቁጥር፣ ከጠዋቱ ዘጠኝ የሚለውን ሰዓት ሦስት። ጥቅምትን ሃያ ዘጠኝ ላይ ይቆርጥብኛል፣ ኅዳርን ሠላሳ አንድ ያደርስብኛል፤ ወር በገባ ቁጥር በእጄ አቃናዋለሁ። ጳጉሜንን ጭራሽ ስለማያውቃት በብዕር እጽፋት ነበር። ኢንተርኔት ስላልነበረኝ አሮጌው ሲስተም ችሎኝ ኖረ። አዲሱን ግን ቤት በወሰድኩት ቁጥር ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ ለምን አትሠራም ብዬ ስጣላው ከረምኩ። ሮቢት ላይ ወደ 2016 መለስኩት፣ ተከፈተ። ወደ 2008፣ ተዘጋ። ስድስት ጊዜ ሞከርኩት፤ በስድስተኛው እንደ ሕፃን ሳጨበጭብ ሀሊሜ ጤናዬን ጠረጠረች። ደስታው ብዙም አልቆየም። ሻይ ቤት ውስጥ ያልኩት ቃል መጣብኝና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ስም ነው።

በማግስቱ አልማዝ ሻይ ቤት ሄጄ ታሂርን አስጠራሁት። ያኔ የነበሩት ሰዎች እስኪሰበሰቡ ጠበቅሁ። ከዚያ ሌባ ባልኩበት ቦታ ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አፉ በለኝ አልኩት። አልማዝም አቀርቅራ ያየሁትን ተናገርኩ እንጂ የማላውቀውን መጨመር አልነበረብኝም አለች። ታሂር እንዲህ አለ፦ «አፉ ብያለሁ። የእኔም እጅ አለበት። ሰዓቱን ሦስት ጊዜ ሳስተካክል፣ አንድ ቀን እንኳ ማን አዛባው ብዬ አልጠየቅሁሽም።» ለካ ሱቁ በገባ ቁጥር ሰዓቱን እንደ አቧራ ጠረግ አድርጎ ያልፈው ኖሯል። የሰዓቱ ትንሽ ባትሪ ደክማ መስላው፣ አልማዝ ያየቻትን ክብ ነገር አውጥቶ ከራሱ አዲስ አስገብቶልኛል። አሮጌዋን ከመሳቢያው አምጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት፤ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ጥያቄ ስጠይቀው አረፈድኩ፤ ቀኑ ለኢንተርኔቱ ምን ያደርግለታል አልኩት። እያንዳንዱ ገጽ መታወቂያ አለው፣ መታወቂያው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው አለኝ። በፈረንጅ 2015 የተሰጠ መታወቂያ ይዘህ ገና 2008 ነው የሚል ዘበኛ ዘንድ ብትሄድ፣ ቀኑ ያልደረሰ ነው ብሎ ይመልስሃል። ዘበኛው ተግባሩን ነው የሠራው። ይህን ሲያስረዳኝ አንዴም አላላገጠብኝም፤ እኔ ብሆን ዓመት ሙሉ እስቅበት ነበር።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለፈሪሀ ነገርኳት። ኒካሁ ከቆመ ወዲህ አንድ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። እስክጨርስ ሰማችኝና «ማሽኑን ለማወቅ ሮቢት ድረስ ሄድሽ፤ ሰውየውን ለማወቅ ግን መንገድ መሻገር አቃተሽ» አለችኝ። ቃሏ እየጻፍኩልህም ያመኛል።

አሊ ወንድሜ፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ወር አልቀረም። የታሂር ሽማግሌዎች እናንተ ከጠራችሁን ተመልሰን እንመጣለን፣ ሳንጠራ ግን አንመጣም ብለዋል፤ አልፈርድባቸውም። ለሸህ ረዲ ደውለህ የኒካሁን ውክልና ስጣቸው። በልጁ ላይ ሌላ ነገር ካለህ ተናገር፣ እንሰማሃለን። እምቢ ካልክ ግን እምቢታህ የራስህ ይሁን፤ በእኔ ቃል ላይ አታቁመው፣ ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ።

እናታችን ዱዓዋን ልካልሃለች፤ ለሀስናም ወገብሽን እሰሪ፣ ከባድ አታንሺ በላት ብላለች። ሸህ ረዲ በሰላምታ አክብረውሃል፣ ጥሪህን እየጠበቁም ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አልለዩም። ሀሊሜ ከሮቢት ሰላም ብላሃለች፤ ፎቶህንም አይታ ወፍረሃል ብላለች። ሂባን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ።

ፈሪሀ አጠገቤ ተቀምጣለች። ምን ብዬ ሰላምታሽን ልጻፍ ብላት «ምንም አትጻፊ» አለችኝ። «ለሸህ ረዲ የደወለ ዕለት ስልኩን ተቀብዬ ራሴ ሰላም እለዋለሁ።»

እህትህ ራቢዓ
ቆቦ፣ ግንቦት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.