ከበዓል በኋላ ነይ

ታኅሣሥ 16

ሦስት መሥሪያ ቤት ዞርኩ። ሦስቱም «ከበዓል በኋላ ነይ»። መጨረሻው ጋ ጥበቃው ሳልጠይቀው መለሰልኝ፤ ፊቴ ላይ ተጽፎ ነው መሰለኝ። በዓሉ እኮ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል...

ቤት ስገባ የወንድሜ ሚስት መጋረጃ አውርዳ ታጥባለች። አገዝኳት። አመሻሽ ላይ ወንድሜ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጫማውን ፈታ፣ መልሶ አሰረው። ነገር እንዳለው ገባኝ። አማቱ ዓይናቸውን ሊታከሙ ይመጣሉ፤ በሁለቱ በዓላት መሀል። የሚያርፉበት ክፍል ያስፈልጋል። ትርፍ ክፍሉ ያው አንድ ነው፣ ውስጡ ያለሁት ደግሞ እኔ።

«ውጪ አላልኩሽም» አለ።

አላለም፣ እውነቱን ነው። ግን የት ልሁን? ወይ ሥራ ይዤ ቤት መከራየት ነው፣ ወይ ገጠር አክስቴ ጋ መግባት። እዚያ ከገባሁ ማን ያስታውሰኛል? በቃ፣ ቀረሁ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 19

ቀልቃላዋ ደወለች። ድርጅታችን እስኪፈርስ መዝገብ ቤት አብራኝ የሠራች ልጅ፤ ከመራመድ መሮጥ የሚቀላት። እስከ ዛሬ «አለቃዬ» ነው የምትለኝ። የምን አለቃ... አንድ መድኃኒት አስመጪ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ብዛት አንድ፣ እስከ ጥር አምስት። ነገውኑ ላስገባ ነው፣ አብረን እንሂድ አለች። ለአንድ ቦታ ደውላ ትነግረኛለች! ተንኮል የሚባል አልፈጠረባትም።

ሳቅኩባት። አሥራ አራት ዓመት ደብዳቤ የተቀበልኩ ሰው ነኝ። በበዓል ዋዜማ የገባ ማመልከቻ አቃፊው ውስጥ ከሥር ይቀራል፤ ከበዓል በኋላ የመጣው ከላይ ይደረደርበታል። አለቃ ደግሞ ከላይ ሦስት አራቱን አይቶ ይደክመዋል። በገዛ እጄ ስንቴ አድርጌዋለሁ! ዘዴው በዓሉ እንዳለፈ፣ በር ሲከፈት፣ የመጀመሪያዋ መሆን ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋት።

እኔ እንጃ አለቃዬ፣ እኔስ ካልሰጠሁት እንቅልፍም አይወስደኝ፣ አለች።

ቀልቃላ።

ታኅሣሥ 20

ማመልከቻውን ጻፍኩ። በእጄ። የእጅ ጽሑፌ አሁንም ያምራል።

ታኅሣሥ 24

ወንድሜ አስገባሽ ወይ አለኝ። ዘዴውን ነገርኩት። ራሱን እከክ እከክ አደረገና «መቼም የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለ። ምን ማለቱ ነው? ተቆጣሁ። ራቱ ቀዘቀዘ።

ደብዳቤው እንዳይጨማደድ ፍራሽ ሥር አድርጌዋለሁ። ሄጄ ልስጠው ይሆን? ... አይ። በዚህ ዓለም ላይ የማውቀው ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 30

በዓሉ አለፈ፣ ተመስገን። የመጣ እንግዳ ሁሉ «ሥራስ?»። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ፤ ሽንኩርት የያዘን ሰው ለምን ታለቅሻለሽ የሚል የለም። የወንድሜ ሚስት ግን ነቅታብኛለች። እትዬ ተይ፣ የሚቀጥለውን በዓል ሽንኩርትም ጨረስሽው አለችኝ። ሳቅን።

ነገ ነው። ሸሚዜን ተኩሻለሁ።

ጥር 1

የመጀመሪያዋ ነበርኩ። ጥበቃው በሩን ሳይከፍት ደረስኩ። መዝገብ ቤት ያሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ነው፣ ክፍት ቦታው የሳቸው ነው። ደብዳቤዬን አነበቡ፣ ጽሕፈቴን አደነቁ፣ ማኅተም መቱበት፣ አቃፊው ውስጥ ከላይ አደረጉት። ልክ እንዳልኩት! ልቤ ሞቅ አለ።

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ መቀበል ግዴታዬ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ሰው ተይዟል።»

ኃላፊው በበዓሉ ዋዜማ ብቻቸውን ቢሮ ቁጭ ብለው ሥራ ቢያጡ ጊዜ አቃፊውን አስመጡ። ውስጡ አንድ ማመልከቻ ብቻ። አንድ! ሌላው ሁሉ ከበዓል በኋላ ብሎ ተኝቷል። ልጅቷን ያኔውኑ ጠሯት፤ እየሮጠች መጣች፤ ቀጠሯት። ስሟን አልጠየቅኩም።

ደብዳቤዬ ከላይ ነው። ከሥሩ ምንም የለም።

ጥር 2

ቀልቃላዋ አራቴ ደወለች። በአራተኛው አነሳሁ። ታለቅሳለች። ዘዴ ምናምን ብልም መጨረሻ ላይ ያስገባሁ መስሏት ነበር።

«ልተውልሽ አለቃዬ? ልንገራቸው?»

ልቤ አዎ አለ። እያፈርኩ ነው የምጽፈው፤ አዎ ነው ያለው። አፌ ግን እንኳን ደስ ያለሽ አለ። ገቢና ወጪ ደብዳቤውን በየዕለቱ መዝግቢ፣ እንዳታከማቺ፣ እያልኩ መከርኳት ጭምር። ስልኩ ሲዘጋ አለቀስኩ። ያለ ሽንኩርት።

በሷ አልተናደድኩም። በማን ልናደድ? አሥራ አራት ዓመት ከሥር የቀበርኳቸው ሰዎችስ? አንዷ በዋዜማ ሕፃን አዝላ መጥታ ነበር። ተቀበልኩ፣ ማኅተም መታሁ፣ ከሥር። ፊቷ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ጥር 6

አማትየው መጡ። ሳሎን ተዛወርኩ። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ደግ ናቸው። ልጄ አትነሺ፣ እኔ ሶፋው ይበቃኛል ብለው ሙግት ገጠሙኝ። በዚያ ዓይናቸው...

አክስቴ ሰው ልካ መቼ ነው የምትመጪው ብላ አስጠየቀችኝ። ሁለተኛው በዓል እንዳለፈ አልኩ። ወንድሜ ሰማኝ። ቅሪ አላለም።

ጥር 9

ከነገ ጀምሮ ሁሉም ዝግ ነው። ሰው ይፈልጉ አይፈልጉ ሳላውቅ አንድ ትምህርት ቤት ገባሁ። ከእንግዲህ ዘዴ የለኝም። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቦርሳዋን አንግታለች። ከበዓል በኋላ ነይ አለች። አሁን ተቀበይኝ ብዬ ለመንኳት። እኔ፣ ለመንኩ። ተቀበለች፣ ማኅተም መታች፣ የአቃፊውን ወረቀት ብድግ አድርጋ ከሥር ከተተችው። ዓይኔ እያየ። ምን ይባላል?

ኃላፊው ካሉ ላናግራቸው ብዬ ወንበር ያዝኩ። የሉም አለች። የሉም እያለችኝም ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን መብራቱን አጥፍታ፣ ቁልፍ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ተነሳሁ።

የአውቶቡስ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ለቅዳሜ። አክስቴ ጋ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ማመልከቻው ላይ የጻፍኩት የወንድሜን ስልክ ነው። ቢደውሉ እንዲያነሳ ነገርኩት።

«በበዓልም ቢሆን አነሳለሁ» አለ።