ፊቷን አቅርበህ አንሣልኝ

ላሊበላ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሆዴ ለሰብሌ፣ ካለሽበት ኩዌት ይድረስ

ሰብሌዬ፣ ይህ ወረቀት በደኅናሽ ያግኝሽ። ስደውልልሽ አታነሺም። የላክሁልሽን የድምፅ መልእክት እንዳልከፈትሽው ስልኬ ያሳየኛል። ደግነቱ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ጀውሀራ ለዕረፍት መጥታ ነበርና ወደዚያው ልትመለስ ነው፤ በእጅሽ እንድትሰጥልኝ ለምኛታለሁ። ብትናደጂም እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከዚያ በኋላ ቀደሽ ብትጥዪው አልቀየምሽም።

ከሁሉ በፊት፣ ዘመን ደኅና ናት። ጭረት እንኳ አልነካትም። ጎረቤታችን አዛለች «ልጅሽ ልትታገት ነበር» ብላ እንደጻፈችልሽ ሰምቻለሁ። የአዛለችን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ጎረቤት ጭስ ካየች ከተማው ተቃጠለ ትላለች። የሆነውን እኔው ልንገርሽ፤ እዚያው ነበርሁና።

ወደ አሸተን ማርያም በሚወጣው መንገድ ዳር ያለው ሆቴል፣ አንቺ አልጋ ታነጥፊበት የነበረው፣ ፈረንጅ ከቀረ ወዲህ ተዘግቷል። ባለቤቱ ግን ግቢው እሾህ ከሚያበቅል ብሎ ዥዋዥዌና ሸርተቴ አስተክሎ ለሰፈሩ ልጆች ከፈተው። መናፈሻው እንለዋለን። ዘመን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ እወስዳታለሁ። እሷ ትጫወታለች፤ እኔ አጥሩ ሥር ጧፍና ሻማ ዘርግቼ ወደ ገዳሙ ለሚወጣው ሰው እሸጣለሁ።

ስለ እገታ እዚያ ሆነሽ የምትሰሚው ሁሉ ወሬ ብቻ አይደለም። ልጅ ታገተብን ብለው ከገጠር መጥተው የሚያለቅሱ ሰዎች በዓይናችን አይተናል። እዚህ ያለች እናት ሁሉ ልጇን በዓይኗ አስራ ነው የምትውል። ይህን ልብ በይልኝ፤ ቀጥሎ የምነግርሽን እንድትረጂው ነው።

ባለፈው ሐሙስ እንደልማዴ ተቀምጫለሁ። አንድ የማላውቀው ወጣት ጥዱ ሥር ቆሞ ስልኩን ወደ ልጆቹ ደግኗል። መጀመሪያ ዝም ብዬ አየሁት፤ ልጅ ሲጫወት ማየት ማን ይጠላል? ኋላ ግን አስተዋልሁ። ዘመን ወደ ሸርተቴው ስትሮጥ ስልኩ ይከተላታል። ወደ ዥዋዥዌው ስትዞር አብሮ ይዞራል። ሌሎቹ ልጆች ሲጋርዱበት እጁን ያወርዳል፤ እሷ ስትገለጥ መልሶ ያነሣል። ጧፉን እንደተዘረጋ ትቼ ተነሣሁ።

«ማንን ነው የምታነሣው?» አልሁት።

ደንግጦ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ልጆቹን ነው፣ እናቴ።»

«ልጆቹን አይደለም፤ አንዷን ነው። ለማን ነው?»

«ለሰው ነው።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

መሬት መሬት አየ። «አደራ አለብኝ። መናገር አልችልም» አለኝ።

ያን ጊዜ ሮጬ ዘመንን ወደኔ ጎተትኋት። «ልጄን! ልጄን ሊወስዳት ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ከኔ አፍ ያ ድምፅ ይወጣል ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ደሳለ፣ የባጃጅ ነጂው፣ ባጃጁን መንገድ መሃል ጥሎ ዘሎ ገባ። የሆቴሉ ዘበኛ አያ አረጋ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ በበሩ ጎረፈ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይሸሻሉ፤ ወንዶቹ ልጁን ከበቡት። ደሳለ ስልኩን ነጥቆ በግድ አስከፈተውና ያየውን ከፍ አድርጎ አሳየን። ዘመን ትምህርት ቤት በር ላይ። ዘመን ከቅዳሴ ስትወጣ፣ እጇን እኔ ይዣት። ዘመን ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስታስር። ዘመን ስትስቅ። ሌላ ልጅ አልነበረም።

«የምትሄድበትን መንገድ ሲያጠና ነው የከረመው!» አለ አንዱ።

«አጋች ነው! ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ ሌላው።

የመጀመሪያው ድንጋይ ቅንድቡን መታው። ማን እንደወረወረው አላየሁም። በጉልበቱ ወደቀ፤ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። «አጋች አይደለሁም! በእመብርሃን!» ይላል። «ታዲያ ለማን ነው የምታነሣት?» ይሉታል። ቀና ብሎ እኔን ያየኝና ዝም ይላል። እስኪ አስቢው ሰብሌ፣ ድንጋይ እየወረደበት አደራ የሚጠብቅ ሰው! እኔ ግን ያን ጊዜ እንዲህ አላሰብሁም። ዝም ማለቱ ጥፋቱን የነገረኝ መሰለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለተኛው ድንጋይ ሲነሣ ተዉ አላልሁም።

ተዉ ያሉት አያ አረጋ ናቸው። ልጁ ላይ እግራቸውን አንፈራጠው ቆሙና ዱላቸውን ወደ ሰዉ አዞሩ። «ደም በከንቱ አታፍስሱ! እዚሁ ደብር ሥር! መጀመሪያ ይጣራ!» አሉ።

ደሳለም «እሽ፣ እሱ ባይናገር ስልኩ ይናገራል» ብሎ መልእክቶቹን መነካካት ጀመረ። አንዱን ሲጫነው ያንቺ ድምፅ ወጣ።

ያልሽውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ምስጋና ወንድሜ፣ ያነሣሃቸው ደርሰውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ ስትጫወት አንሣልኝ። ቆማ አይደለም፤ ስትሮጥ። ፊቷን አቅርበህ አንሣልኝ። ከፊት ጥርሷ ወልቋል ወይስ ጥላ ነው? ልለየው አልቻልሁም። አደራህን እህቴ እንዳታይህ። ካወቀች መናፈሻው መውሰዷን ትተዋለች።» ከዚያ ማልቀስሽ ተሰማ፤ ቅጂውን አላቋረጥሽውም ነበር።

ያ ሁሉ ሰው የያዘውን ድንጋይ ጣለ። ዓይኑን ከልጁ አንሥቶ ወደኔ አዞረ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ዘመን ቀሚሴን ይዛ ቆማ ነበርና ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ ይች ሴትዮ ማናት? ለምን ታለቅሳለች?» አለችኝ።

ከሰዉ መሃል የነበረችው አዛለች እንኳ አንገቷን ደፋች።

ልጁን በደሳለ ባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ደሙን በነጠላዬ ይዤለት ሄድሁ። ቅንድቡን ሰፉለት፤ ዓይኑ ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሚሊሻዎች መጥተው ሲጠይቁት «ክስ የለኝም» አለ። በማግስቱ ዳቦና ማር ይዤ ልጠይቀው ብሄድ፣ ስሙ ምስጋና መሆኑን፣ አብራሽ የምትሠራው የሙሉሃብት ወንድም መሆኑን፣ አገሩም ከዚህ የማይርቀው ኮን መሆኑን፣ አስጎብኚ ልሁን ብሎ መጥቶ ሥራ አጥቶ መቀመጡን ነገረኝ። ይወቅሰኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን «ሰብሌ የልጄ መልክ ጠፋብኝ ብላ ብትለምነኝ ነው። እምቢ ማለት አቃተኝ» አለኝ። ማሩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ካሜራው ተበላሽቷል ያልሁሽ ስልኬ አሁን ይሠራል። ስትደውዪ ዘመን ተኝታ የምትገኘውም፣ ያው ሕፃን ልጅ እንቅልፍ ይወዳል፤ ወይም ትምህርት ቤት ትሆናለች። ስለዚህ ጉዳይ በወረቀት ብዙ አልልሽም። ያኔ ስትሄጂ ጡት አስጥዬ፣ ኩፍኝ ሲይዛት አዝዬ ያደርሁ፣ አባቷ በጦርነቱ መሞቱን ሰምቼ እሷን ታቅፌ ያለቀስሁ እኔ ነኝ። ይህን ለማስታወስ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባ እየሠራኋት ነገርኋት። «ያች ያለቀሰችው ሴትዮ እናትሽ ናት። ሰው አገር እየሠራች ነው። እኔ የእናትሽ ታላቅ እህት ነኝ» አልኋት። ሹሩባው ሲያልቅ ዞር ብላ «ታዲያ አንችን ማን ልበልሽ?» አለችኝ።

እንደለመድሽው ጥሪኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስሁት። «እታለም በይኝ። እናትሽም እንደዚያው ነው የምትለኝ» አልኋት። ቀስ ብላ ሞከረችው። አሁን ቀን ቀን እታለም ትለኛለች። እንቅልፍ ሲጥላት ግን ትረሳና እማዬ ትለኛለች። ዝም እላታለሁ። አንዳንዴ «ወይ» እላታለሁ።

ፖስታው ውስጥ ያለውን ፎቶ ምስጋና ራሱ ነው ያነሣው፣ ቅንድቡ በፋሻ እንደታሰረ፣ እዚያው መናፈሻ ውስጥ። እኔ አጠገቡ ቆሜ «ቀረብ በል» እያልሁት። ጥርሷ ወልቋል፤ ጥላ አይደለም። አዲሱም ብቅ ብሏል፣ አጉልተሽ ካየሽው።

ስልክ ማንሣት ከመተውሽ በፊት «ለገና መጥቼ እወስዳታለሁ፤ አዲስ አበባ ቤት እከራያለሁ» ብለሻል። ነይ። በሩን አልዘጋብሽም። ካለኔና ካለሷ ወገን የለሽም፤ ማን ማንን ይከለክላል? መቼ እንደምትመጪ ብቻ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ በድንገት በር ላይ እንዳላይሽ። ልቤ ያን አይችልም።

ስትመጪም ሮጠሽ አትቀፊያት። ትደነግጣለች። አጠገቧ ተቀመጪና የያዘችውን ነገር ጠይቂያት፤ ወሬ ትወዳለች፣ ራሷ ትቀርብሻለች። ሽሮ ቃሪያ ከገባበት አትበላም። ስትዋሽ አፍንጫዋን ታካለች፤ አትቆጫት፣ ዝም ብለሽ እያት፣ እውነቱን ትነግርሻለች። ነጎድጓድ ትፈራለች። ስትተኛ ደግሞ የሰው ጆሮ ይዛ ነው፤ ግራ ጆሮ። በመጀመሪያው ሌሊት ባዶውን ትዳብሳለች፣ አውቃለሁ። እጇን ያዥና ጆሮሽ ላይ አድርጊላት። የኔ አለመሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም አትልቀቂያት፣ እንቅልፍ ይወስዳታል።

የአሸተን ማርያም ከክፉ ሰው ዓይን ትሰውርሽ፤ በሄድሽበት መንገድ በሰላም ትመልስሽ።

ታላቅ እህትሽ
ትርሐስ