ሰባተኛ ጥንድ

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽስ እንዴት ሆነ? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ በሽተኛ ስታገላብጪ እየዋልሽ ቁርጭምጭሚትሽ እንዳበጠ እማዬ ነግራኛለች። እኛ ደህና ነን። እማዬ ከሳምንት ወዲህ ወደ ልብስ ስፌቷ ተመልሳለች። ትናንት እንዲያውም የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ብቻዋን ስትስቅ ያዝኳት። አባዬ ሳቋን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ግቢ ወጣ። ደስ ሲለው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ታውቂው የለ።

ዋናው ወሬዬ ባዮሎጂን ማለፌ ነው። ይህም ወሬ ሆኖ ነው የምትጽፍልኝ እንዳትዪ፣ ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ጉንዳን ስንላት የኖርነው መንታዬ ካረፈች በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ከተመለስኩም በኋላ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። መምህራኑ ሲጠይቁኝ አንገቴን እደፋለሁ፣ እነሱም ያልፉኛል። ፈተናውም የቤት ሥራውም በትምህርት ቤቱ የኦንላይን መማሪያ ስለሚሰጥ መጻፍ እንጂ መናገር አይጠበቅብኝም ነበር። እዚያ ውስጥ ተሸሽጌ ከረምኩ ብልሽ ይሻላል። የቀረችኝ የባዮሎጂ ማጠቃለያ ብቻ ነበረች። እሷ ላይ ከሃያ አሥራ ሁለት ካላመጣሁ ዘጠነኛ ክፍልን መድገሜ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተር ክፍል ገብተን ተቀመጥን። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች፣ ሌላ ምንም የለም። «ሲስተም የለም» አለ የክፍሉ ኃላፊ፣ ራሱ የሰበረው ይመስል እየተቅለሰለሰ። አጠገቤ የሚቀመጠው ቀጮ፣ «ጸሎቴ ደረሰ ማለት ነው» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። በመጨረሻ ምክትል ርዕሰ መምህርቷ መጥተው፣ «ውጤት ዓርብ ይዘጋል። የማተሚያው ቀለምም አልቋል። እያንዳንዱ መምህር በሚያውቀው መንገድ ይፈትን» ብለው ሄዱ።

የባዮሎጂ መምህራችን ፊታቸው በራ። ከኋላቸው «ጋሽ መዝገቡ» እንላቸዋለን፣ አንድ ትልቅ ጥቁር መዝገብ በፌስታል ጠቅልለው ስለማይለዩት። ኮምፒውተር እያለ ሁሉንም እንደገና በእጃቸው ይጽፋሉ። ወደ ላብራቶሪ ወሰዱን፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጡ፣ ጥያቄ የተጻፈባቸውን ብጥስጣሽ ወረቀቶች ጣሳ ውስጥ ከተቱ።

«ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ትመጣላችሁ። አንዱ ያስረዳል፣ አንዱ ይጠይቃል፣ ከዚያ ትቀያየራላችሁ። ሽምደዳ ዛሬ አያዋጣም።»

መናገር ነው የተባለው። በሩን አየሁት፤ የቀጮ ጉልበት መንገዱን ባይዘጋብኝ እወጣ ነበር። እሳቸው መስከረም ላይ የመዘገቡትን የላብራቶሪ ጥንዶች ዝርዝር ገልጠው በተራ መጥራት ጀመሩ። ስድስት ጥንድ አለፈ።

«ሰባተኛ ጥንድ» አሉና ቀና ሳይሉ የጉንዳንን ስም ከነአባቷ ጠሩ። ቀጥለው የእኔን።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቀጮ ክንዴን ያዘኝ። መምህሩ ቀና ሲሉ ያደረጉትን ከፊታችን ላይ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ተነስተው መጡና ከሁለቱ ወንበሮች በአንዱ ተቀመጡ። የተማሪ ወንበር ስለሆነ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ና ተቀመጥ። የዛሬ ጥንድህ እኔ ነኝ። አስረጂው እኔ፣ ጠያቂው አንተ።»

እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከጣሳው አንድ ወረቀት አውጥተው አነበቡ፤ «ውሃ ከሥር ተነስቶ ቅጠል የሚደርሰው በምንድን ነው? ቀላል ነው። በፍሎም።»

አንቺ ረስተሽው ከሆነ፣ ፍሎም ምግብ የሚያመላልሰው ነው። ውሃ የሚያወጣው ዛይለም ነው። ይህንን የማያውቅ ዘጠነኛ ክፍል የለም።

«ጠያቂዬ ካልተቃወመ ልክ ነኝ ማለት ነው» አሉ ወደ ክፍሉ ዞረው። «ሃያ ከሃያዬን ልውሰዳ።»

«በዛይለም ነው» አልኩ። ድምፄ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ አለ።

«ማን አለ?»

«እርስዎ ነዎት ያሉት።»

«መቼ?»

«ኅዳር ላይ። ነጩን አበባ ቀይ ቀለም ውስጥ ያቆሙት ቀን።»

«አላስታውስም።»

«እንዴት አያስታውሱም? ጉንዳን ቀለሙን ደፍታ ጋዎንዎን አቅልታው የለም እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «እሱንስ ባለቤቴም አትረሳውም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ አፌን ማን ይዝጋው። ተቀያየርን፣ አስረዳሁ፣ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። የመጨረሻዋ የመጠየቅ ተራ የእኔ ስትሆን ያን የአበባውን ቀን ጉንዳን የጠየቀችኝንና ያልመለስኩላትን ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃው መውጣቱን ያቆማል ወይ?

«ይቀንሳል እንጂ አያቆምም» አሉ ቀስ ብለው። «ጥያቄው የማን ነው?»

«የእሷ።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው።»

አሥራ ስድስት ሰጡኝ። አራቱን የቀነሱት ቅጠሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ሥራ ዘልዬ ስላለፍኩ ነው። አዝነውልኝ ሃያ ቢሰጡኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ፍሎምና ዛይለም ይምታታበታል? እንዳልጠይቃቸው ነው መሰለኝ ስምንተኛውን ጥንድ ቶሎ ብለው የጠሩት።

ሲያልቅ በር ላይ አስቀሩኝ። «ልጄ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ስሟ ተሰርዟል፣ የእኔ መዝገብ ግን አልሰማም። ይቅር በለኝ።»

«ኧረ ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ከልቤ ነው። ቤት ውስጥ «እሷ» እንላታለን። አባዬ «ያቺ ልጅ» ይላል። አራት ወር ሙሉ ስሟን ከነአባቷ፣ ጮክ ብሎ፣ «አቤት» ትላለች ተብላ እንደምትጠበቅ ሰው የጠራ አልነበረም። ደነገጥኩ፣ ግን ደግሞ ደስ አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሲስተሙ በማግሥቱ ተመለሰ። ቀጮ «ሰላም ነው ጠፋህ?» ብሎ ስክሪኑን ጨበጠው።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። እሑድ እሑድ ስትደውዪ እማዬ «ተኝቷል» የምትልሽ እኔ አስዋሽቻት ነው። አልተኛሁም፣ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ድምፅሽን እሰማለሁ። ድሮ ስልኩን ስናነሳ «የትኛችሁ ናችሁ?» ትዪን ነበር፣ የሁለታችን ድምፅ ስለማይለይሽ። ልማድ ሆኖብሽ ሳታስቢው እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው። ማክሰኞ ስናገር ግን ራሴን ሰማሁት። ድምፄ ጎርንኗል እህቴ። ማንም ከማንም ጋር አያምታታውም።

የፊታችን እሑድ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ያቺ ጥያቄ ከለመደ አፍሽ ብታመልጥሽም ግድ የለም። እመልስልሻለሁ።

በሰው አገር ደግ ሰው አይለይሽ፤ ሲከብድሽ ወንበር ስቦ ከጎንሽ የሚቀመጥ ይስጥሽ።

ወንድምሽ