ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችው ሴል

ጥቅምት 4
ዝናብ። አውቶቡሱ ዘገየ። ሥራ ያው ሥራ ነው… ላቦራቶሪው ውስጥ ቆራጩ የእንስሳ የዓይን ነርቭ በስሱ ይቆርጣል፣ ቀለም ያጠጣል፣ እኔ በማይክሮስኮፕ እያየሁ እስላለሁ። ካሜራ ውሸታም ነው ይላሉ ፕሮፌሰሩ። ከእሳቸው አሮጌ ማይክሮስኮፕ ሌላ መንካትም ክልክል ነው።

ግሊያዎቹን፣ የነርቭ አጋዥ ሴሎቹን፣ እወዳቸዋለሁ። ራሳቸው መልእክት አያደርሱም። ኮከብ የሚመስሉት ክንዳቸውን ዘርግተው ነርቩን ይደግፋሉ፣ ሌሎቹ በስብ ይጠቀልሉታል፣ ትንንሾቹ ቆሻሻ ይጠርጋሉ።

ዛሬ ከላይ በቀኝ ጥግ አንዲት የማላውቃት ሴል አየሁ። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ባለ ረጅም ጅራት። ምን ትሆን? ሣልኳት።

አባዬ ማታ ጠብታውን ዓይኑ ውስጥ እያጉረመረመ አደረገ። የዓይኑ ግፊት ነርቩን እየጎዳበት ነው። ሐኪሙ አንድ ቀን እንኳ እንዳትዘል ብሎታል።

ጥቅምት 9
ፕሮፌሰሩ አይተዋት በደስታ አለቀሱ። በበሬም፣ በበግም፣ በጥንቸልም ነርቭ ላይ አለች። ሁሌም ከላይ በቀኝ ጥግ! ነርቩ ያለበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ገልብጠን ብናይስ አልኩ። ገለበጥን። አሁንም ቀኝ ጥግ ናት።

"አየሽ፣ ብትገለብጫትም ቦታዋን አትለቅም" አሉ።

ቆራጩ አጨበጨበ። እኔም… ያጨበጨብኩ መሰለኝ።

ጥቅምት 15
ቆራጩ ተሳስቶ ባዶ ስላይድ ሰጠኝ። ነርቭ የለውም፣ ምንም የለውም። እሷ ግን አለች። ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ያለ ነርቭ መኖር የምትችል የመጀመሪያዋ የነርቭ ሴል ናት ብለው ጻፉ።

ጥቅምት 16
ዓይኔን የምጥልበትን የማይክሮስኮፑን መመልከቻ በጣቴ ሳዞረው ሴሏም አብራ ዞረች። ነቀልኩት። ከሥሩ መስታወቱ ላይ የተለጠፈች… የዓይን ሽፋሽፍት። ከፕሮፌሰሩ በቀር ማን በዚያ መመልከቻ ሃያ ዓመት ያየ አለ?

ለቆራጩ በጆሮው ነገርኩት። አውቃለሁ አለኝ፣ የደረጃ ዕድገት ሊመጣልን ስለሆነ አፌን እንድይዝ መከረኝ። መመልከቻውን መልሼ ገጠምኩት። ምን ነካኝ?

ጥቅምት 20
ፕሮፌሰሩ በሬዲዮ ቀረቡ። ሴሏ የሞተ ነርቭ ትጠግናለች አሉ። በምን አወቁ አላቸው ጋዜጠኛው። ጥግ ይዛ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴል አትኖርም፣ ስለዚህ እየጠገነች ነው አሉ። ጋዜጠኛው አመሰገናቸው።

ቤት ስገባ አባዬ ሬዲዮው ጎን ቆሞ ነበር። ፊቱ የሌላ ሰው ሆኗል። አቅፎ ሳመኝ፣ የሣለቻት ልጄ ናት ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሷል። ልነግረው አፌን ከፈትኩ… መልሼ ዘጋሁት። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

ጥቅምት 27
አባዬ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ግንባሩ አበጠ። በዚያ በኩል አላየሁትም አለ። በፊት ያየው ነበር። ጠብታውን አድርገሃል ወይ አልኩት። ከሬዲዮው ቀን ጀምሮ ትቶታል። አዲሷ ሴል እየመጣች በአሮጌው ጠብታ ምን አሰቃየኝ አለ።

እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።

ጥቅምት 28
ሁሉም ባሉበት መመልከቻውን ነቅዬ በጨርቅ ጠረግኩት። ፕሮፌሰሩ አጎንብሰው አዩ። ቆዩ። ቀና አሉ።

"ዘሯን አጠፋሽው" አሉኝ።

ሽፋሽፍት ናት ብል ማን ይሰማል። ቆራጩ ለሴሏ የኅሊና ጸሎት እናድርግ አለ። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። እኔም ቆምኩ፣ ግራ ገብቶኝ። ከዚያ ሴል በማጥፋት ከሥራ ተባረርኩ።

ጥቅምት 29
ነገርኩት። ሴል አይደለችም አባዬ፣ የፕሮፌሰሩ ሽፋሽፍት ናት አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

እንባውን ጠርጎ የእውነተኞቹ ሴሎችስ ምን ይሠራሉ አለኝ። ስለሚደግፉት፣ ስለሚጠቀልሉት፣ ስለሚጠርጉት ነገርኩት። እንደ ሕፃን ያዳምጣል።

"የሞተውን አያስነሡም?"

"አያስነሡም። ያለውን ነው የሚጠብቁት።"

"እኔም ዓይን ውስጥ አሉ? አሁን?"

"አሉ። እየሠሩ ነው።"

ከዚያ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ጣለ፣ ዓይኑንም በጣቶቹ ከፈተው።

"በይ ነይ ጠብታውን አድርጊልኝ፣ ብቻቸውን አይልፉ" አለኝ።

አደረግኩለት። የጠዋቱንም እኔው አደርግለታለሁ፤ የምሮጥለት ሥራ የለኝም።