ስለዚያ ሰነፍ ስክሪን

ጎንደር
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለቤዛዊት፣

የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔም እናትሽ ሸጋዬም ደህና ነን። በስልክ ያላወራሁሽ ሸጋዬ ካጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ይህን ደብዳቤ ወደዚያ የምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ ፍሬ ታደርስልሻለች።

«የማኪናው ስክሪን ስላረጀ እዚህ ሁለት ዓመት ልጨምርና ሌላ ማኪና ልግዛላችሁ» ማለትሽን ሰማሁ። ለዚያ ግሳንግስ ብለሽ? አራት ዓመት ያልሞላው ዕቃ አረጀ ተብሎ ሊታዘንለት ነው? በድሮዋ ማኪናዬ መስታወት ሲደበዝዝ አንዲት ቁልፍ ማዞር በቂ ነበር። ለዚህ ጌታ ግን ማራገቢያውም በስክሪን፣ ሬዲዮውም በስክሪን! ባለፈው ሳምንት ሰው ይዤ ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር ስወርድ ሊማሊሞ ላይ ጉም ያዘን፤ መስታወቱም በእንፋሎት ተሸፈነ። ማራገቢያውን ብነካው ጭጭ፤ ብደግመውም ጭጭ። ዳር ይዤ ቆሜ፣ በጋቢዬ ጫፍ ጠርጌ ስጨርስ ክቡርነታቸው ነቁና ይነፉብኝ ጀመር።

ጌቾ ዘንድ ወሰድሁት። ሞባይል ሲጠግን ኖሮ ዘንድሮ የማኪና ስክሪን ሐኪም ነኝ ያለው ጌቾ ነው። «አያ አስናቀው፣ የስክሪኑ መስታወትስ በዕድሜ አይዘገይም። ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው እየከበደ የሚሄድ፤ ቦታውም ይሞላል» አለኝ። የሞላውን አጠፋፋለት፤ ትንሽ ተሻለው። ከዚያ ጠርዙን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና አመድ አሳየኝ። «ምነው፣ ከምድጃ ዳር ነው እንዴ የምታሳድሩት?» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ደግሞ ሊቀልድብኝ!

አመዱ ከየት እንደመጣ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ሸጋዬ በማለዳ ማኪናው ውስጥ ገብታ፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን እምነት በጠበል እያራሰች ስክሪኑን በመስቀል ምልክት ትቀባዋለች። የማኪናው ግንባር መስሏታል! ልቆጣት ተጠጋሁ። ለእኔ መንገድ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። «ልጄን በዓይኔ ሳላያት አትውሰደኝ» ትላለች። ሳታየኝ ተመልሼ ቤት ገባሁ።

አሁን በየቀኑ ከከተማ ከወጣሁ በኋላ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ለእሷ አመዱን ሳላነሳ «አርጅቷል» ብያታለሁ፤ አንቺም ብትጠይቅሽ እንዲያው በያት።

ቤዛዬ፣ ያን ኮንትራት አትፈርሚ። ለአንድ ሰነፍ ዕቃ ሁለት ዓመት አይሰጥም። ስለ ራሴስ ግድ የለኝም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ውሸት ነው። ናፍቀሽኛል።

ሥላሴ በሄድሽበት ይጠብቁሽ፤ መንገድሽንም ወደ ቤትሽ ያቅኑልሽ።

ይህን ስጽፍ እናትሽ መጥታ «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለስክሪኑ ፋብሪካ፣ ስድብ ነው» አልኋት። «እንግዲያው እናትሽን በጣም ናፍቀሻታል ብለህ ጨምርበት» አለችኝ።

አባትሽ
አስናቀው