የጋሽ ኸይሩን ስም መጥራት

ሰኞ፣ ሰኔ 2። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

የጠዋቱን የሬዲዮ ዜና አንብቤ ጨረስኩ። በአማርኛም በወላይታቶም። ጉሮሮዬ ደርቋል። ማስታወሻዬ፣ ገና በጠዋቱ ከአለቃዬ ጋር ተጣላሁ።

ከእኛ ከሶዶ ራቅ ብላ ባለችው ዲምቱ ሰው እየታመመ ነው። ትውከትና ተቅማጥ። የሞቱም አሉ። ፌስቡክ ደግሞ ሐኪም ሆኗል። አንድ ቪዲዮ ይዞራል፦ የሱቅ በር፣ የተቀደደ የዱቄት ጆንያ፣ ከሥሩ “ሕዝብ የፈጀ ዱቄት” የሚል ጽሑፍ። የባለሱቁ ፎቶ ሳይቀር። ኸይሩ የሚባሉ፣ ቤተሰባቸው ከስልጤ የመጣ ነጋዴ።

ዋና አዘጋጁ አቶ ማርቆስ ለምሳ ሰዓት ዜና ፈለገው። “ነዋሪዎች እንደሚሉት” ብለን እናስተላልፈው አለኝ። አላነብም አልኩ። ሐኪም ጠይቀናል? የለም። ሰውየውንስ? የለም። ታዲያ ምን ይዘን? ሌሎች ይቀድሙናል ይላል። ይቅደሙን! ሄጄ ላጣራ ስለው መኪና የለም አለ። ሚኒባስ አለ አልኩት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3። አመሻሽ

ዲምቱ ውዬ መጣሁ። ልብሴ ሳይቀር ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ጤ/ጣቢያው ግቢ ድንኳን ተተክሏል። ነርሷ ሲስተር ብርቱካን ቆማ አነጋገረችኝ፤ ለመቀመጥ ጊዜ የላትም። ኮሌራ ነው። ላቦራቶሪ አረጋግጧል። ከየት መጣ? የእጅ ፓምፑ ከተበላሸ ወዲህ ሰፈሩ የሚቀዳው ከኩሬ ነው፤ ተሐዋሲው እዚያ ውኃ ውስጥ ተገኝቷል።

በአንድ ሰው ቃል አልመለስም። ወረዳ ጤና ጽ/ቤት ሄድኩ። ያው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች እናትም ጠየቅኩ፣ ወ/ሮ አልማዝ ትባላለች። ከሱቅ ዱቄት ገዝታ አታውቅም፤ የራሷን በቆሎ ነው የምታስፈጨው። ውኃውስ? ከኩሬው። ልጁ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ግን ኦ አር ኤሱን እየጠጣ ነው። ተመስገን።

ከዚያ ወደ ሱቁ። ዝግ ነው፤ በሩን በድንጋይ ደብድበውታል። ጋሽ ኸይሩን ከጓሮ አገኘኋቸው። እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ወላይታቶአቸው ከእኔ ይሻላል። ሻይ ሊያስመጡልኝ ፈልገው የሚልኩት ሰው አጡ። ሠራተኞቹ ፈርተው ቀርተዋል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4። ከሰዓት

አነበብኩት! በሽታው ኮሌራ ነው፤ የመጣው ከኩሬው ውኃ ነው። አፍሉት ወይም በውኃ ማከሚያ አክሙት። እጅ ታጠቡ። ያመመው ኦ አር ኤስ እየጠጣ በቶሎ ጤ/ጣቢያ ይድረስ። ፓምፑ መቼ እንደሚጠገን ጠይቄ “በሂደት ላይ ነው” ብለውኛል፤ እሱንም እንዳለ አነበብኩት።

ሱቅ፣ ዱቄት፣ ኸይሩ የሚል ቃል የለበትም። ሆን ብዬ ነው። ወሬን ላስተባብል ብዬ ብደግመው ያልሰማውም ይሰማል። አቶ ማርቆስ ራሱ ጥሩ ነው አለ። ኮራሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5። 10 ሰዓት

ኩራቴ አላደረም። ጋሽ ኸይሩ ሶዶ ድረስ መጡ። ጥበቃው አላስገባም ብሎ በር ላይ አቁሟቸዋል፤ ወጣሁ።

“ስለ ውኃው ተናገርሽ። ስለ እኔስ?”

ለእርስዎው ብዬ ነው አልኩ። ስምዎን ካነሳሁ ወሬው ይሰፋል ብዬ።

“ልጄ፣ ስሜን ያጠፉት እየጠሩት ነው። አንቺ ሳትጠሪው እንዴት ይጸዳል?”

ይህ ሳያንስ ሲስተር ብርቱካን ደወለች። ለየቤቱ የታደለውን የውኃ ማከሚያ ሰው እየደፋው ነው። ለምን? ከሶዶ ያጓጓዘው የጋሽ ኸይሩ አይሱዙ ነዋ! ያው መርዝ ነው ይላሉ። ኩሬውን ግን ይጠጣሉ።

እኔ ዝም ስል ወሬው ሥራ አልፈታም።

አቶ ማርቆስ ቢሮ ገባሁ። ጋሽ ኸይሩን ነገ በቀጥታ ስርጭት ላቅርባቸው አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ብሔር ያለበት፣ ሃይማኖት ያለበት ነገር ነው፣ ከላይ ሳይፈቀድ አይነካም አለ። ሰኞ ዱቄቱን አንብቢ ስትለኝ ከላይ ጠይቀህ ነበር? አልኩት። የዓርብ ፕሮግራም የእኔ ነው። አስገባቸዋለሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ተላለፈ። አቶ ማርቆስ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ነበር። ማስቆም ይችል ነበር፤ አላስቆመም።

መጀመሪያ ሲስተር ብርቱካን በስልክ ስለ ማከሚያው አስረዳች። ቀጥሎ ጋሽ ኸይሩ፣ በወላይታቶ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው። “ኸይሩ እባላለሁ። ዲምቱ ነው የተወለድኩት። መኪናዬ ባመጣው መድኃኒት እኔም ልጆቼም ውኃችንን እያከምን እንጠጣለን። እኔን ብትጠሉኝ ጥሉኝ፤ ውኃችሁን ግን አክማችሁ ጠጡ።”

ስልኩ ጮኸ። አንዱ ስድብ ጀመረ፤ ቆረጥኩት። ቀጥሎ አንዲት ሴት ከዲምቱ። ረጋ ብላ ጠየቀች፦

“ለአንድ ጀሪካን ስንት ነው የሚጨመረው?”

አለቀስኩ፣ ማስታወሻዬ። ማይኩን አዙሬ። ሲስተር ብርቱካን መለሰችላት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7። ጠዋት

ሲስተር ደወለች፤ ማከሚያ የሚወስድ ሰው ጤ/ጣቢያው በር ላይ ተሰልፏል። ሁሉም አይደለም። ጋሽ ኸይሩም በሩን ከፍተዋል፤ እስካሁን የገባ ገዢ የለም። ግን ድንጋይም አልተወረወረም።

አቶ ማርቆስም ደወለ። ከሰኞ ጀምሮ ትንሽ ዕረፊ ይለኛል፣ ነገሩ እስኪበርድ፤ ሌላ ሰው ያነባል። ማን ነው ያዘዘው? ምን ዋሸሁ? አልዋሸሽም ይላል። ታዲያ? “አስቴር፣ ተረጂኝ እንጂ!” እሱም ልጆች አሉት፤ ይገባኛል። ግን አላርፍም። አላመመኝም፣ ዕረፍትም አልጠየቅኩም። ሰኞ በሰዓቴ ስቱዲዮ እገባለሁ፣ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። የሚያስነሳኝ ካለ መጥቶ ያስነሳኝ።