አቶ ሰብስቤ ዘርጋ ለታናሽ ወንድማቸው ያልነገሩት

አቶ ሰብስቤ ዘርጋ ከአባታቸው ከአቶ ዘርጋ ኬርጋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተጻድቅ ሽብሩ፣ በጉራጌ በእዣ ወረዳ፣ ሰኔ 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው የወለዷቸው ወንዶች ሁለት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው እሳቸው፣ ሁለተኛው ይህን የምጽፈው እኔ ደግፌ ነኝ። ይህ ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ ኋላ ነገሩ ይደባለቃል።

በ1959 ዓ.ም. በአጎታቸው እጅ ወደ አዲስ አበባ መጥተው መርካቶ በሚስማር ሱቅ ተላላኪነት ሥራ ጀመሩ። ማታ ማታ ኮልፌ እየተማሩ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሱ። አባታችን በ1964 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ቤት ገብተው ለቅሶውን ካደረሱ በኋላ እኔን ይዘውኝ ተመለሱ። እስከ መኪናው ድረስ ያለው መንገድ ጭቃ ስለነበር፣ ትልቅ ልጅ ሆኜ ሳለ አዝለውኛል። ያበሉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ የዳሩኝ፣ አስኮ ላይ የራሴን ሱቅ የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ለእኔ ወንድም ብቻ አልነበሩም፤ አባቴም ነበሩ። ከጋሼ በቀር በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም።

በ1971 ዓ.ም. ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከፍተው በቀለም፣ በሚስማርና በቆርቆሮ ንግድ ታወቁ። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋገነት ጋር በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በተክሊል ተጋብተው ኃይለመስቀልንና ኤልሻዳይን አፍርተዋል። በእድራቸው ለረጅም ዓመታት ዳኛ ሆነው አገልግለዋል። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ ያን ጊዜ መሸሽ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ከሱቃቸው አጠገብ አቶ ሀምዱ የሚባሉ ሰው የቧንቧና የባኞ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ። ሁለቱ ሰዎች ዓመት ሳይሞላቸው በመካከላቸው ያለውን ቆርቆሮ ቀድደው በር አወጡ። አርብ አቶ ሀምዱ ለጁምዓ ሲሄዱ ወንድሜ ሁለቱንም ሱቅ ይጠብቃሉ፤ ወንድሜ ለንግሥ ሲሄዱ አቶ ሀምዱ ይጠብቃሉ። ሰፈሩ ይህን እያየ ያደንቅ ነበር። እኔ ግን አላደነቅኩም። አስኮ ድረስ ሄጄ ሱቅ የምከፍት የእናት ልጅ እያለሁ፣ ለጎረቤት ግድግዳ ይቀደዳል? ቅናት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ ቅናት ነው።

እኛ ጉራጌዎች ለመስቀል አገር እንገባለን። ዓመቱን ሙሉ ሳይተያይ የከረመ ዘመድ ሁሉ ያን ቀን ይገናኛል፤ ያልገባ ሰው ታሟል ወይም ከስሯል ይባላል። ወንድሜ ወደ አገር ሲሄዱ መኪና የምነዳላቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ከጎኔ፣ ቤተሰቡ ከኋላ። ከኮልፌ ተነስቼ ወሊሶን ሳልቆም አልፋለሁ፣ ወልቂጤንም ሳልቆም አልፋለሁ። ደግፌ ሲነዳ መኪናው አያርፍም እየተባለ ይወራልኝ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

በ2011 ዓ.ም. መስቀል ጉዞ ላይ ወንድሜ ደጋግመው አቁም ይሉኝ ጀመር። ቱሉ ቦሎን ሳናልፍ አቁም፣ ወሊሶ ሳንደርስ አቁም። እኔም በመጨረሻው ላይ፣ «ጋሼ፣ ጉዳይዎን ከቤት ሳይወጡ አይጨርሱም እንዴ?» አልኳቸው። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። በዓመቱ ጳጉሜን ላይ ደውለው፣ ዘንድሮ ከሀምዱ ጋር ነው የምሄደው፣ አንተ ሰዎቹን ይዘህ ሂድ አሉኝ።

እስቲ አስቡት። አቶ ሀምዱ ስልጤ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፤ አገራቸው የሚገቡት ለአረፋ ነው። መስቀል የእሳቸው በዓል አይደለም። ጋሼ ግን የእኔን መኪና ትተው ከእሳቸው ጋር ሄዱ። እኛ ቀድመን ደረስን፤ እነሱ ከሰዓት በኋላ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መጡ። በየመንገዱ ሻይ ሲጠጡ፣ ሲያወጉ፣ ሲዝናኑ እየታየኝ መንገዱን ሳማትር ዋልኩ። ለአቶ ሀምዱ ተብሎም በሙስሊም እጅ የታረደ ጠቦት ለብቻ ተሠራ።

የእርዱ ዕለት ደግሞ የባሰ መጣ። ታላቅ ልጅ የሚቀመጠው ከምሰሶው ጀርባ፣ አባታችን ይቀመጡበት በነበረው ስፍራ ነው። ተነስቶ የሚመርቀውም ከዚያ ነው። ወንድሜ ያን ስፍራ ለእኔ ለቀው በሩ አጠገብ፣ ከአቶ ሀምዱ ጎን ተቀመጡ። ዘመዱ ሁሉ፣ እንግዳው ብቻውን እንዳይሆን ብለው ነው፣ እንዴት ያለ ትሕትና ነው አለ። እኔ በአባቴ ስፍራ ተቀምጬ ዓይኔ ከበሩ አልተነሳም። ለሀምዱ ሲሉ የአባታቸውን ቦታ ለቀቁ ብዬ አሰብኩ። ወንድሜ በየመሃሉ ስልካቸውን ይዘው ውልቅ ሲሉ፣ አቶ ሀምዱ ዞር ብለው እንኳ አያዩም ነበር።

አዲስ አበባም እንዲሁ ነው። እድር ስብሰባ ላይ ስልክ ይዘው ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያን እስከ መጨረሻው ቆመው ያስቀድሱ የነበሩት ሰው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቀሩ። ማታ ሦስት አራቴ ይነሳሉ ብላ ሸዋገነት ስትነግረኝ፣ ስኳር ይሆናል አልኳት። ያ ሁሉ ስልክ የሀምዱ ነው ብዬ ግን አምን ነበር። ስልኩ ጠርቶም አያውቅም፤ ያንን ያወቅኩት አሁን ነው።

ካህናት አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እዚህ ላይ ይቅር በሉኝ። የሚቀጥለውን በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ሟቹ ናቸው።

ወንድሜ የፕሮስቴት እጢ ታማሚ ነበሩ። ሽንታቸው ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል፣ ሲሄዱ ደግሞ እየቆራረጠ አልወርድ ይላል። አቶ ሀምዱ ከእሳቸው በፊት እጢው አብጦባቸው ነበር፤ የእሳቸው ካንሰር አልነበረምና በቀዶ ሕክምና ድነዋል። ስለዚህ ቀድደው ባወጡት በር በኩል እያዩ ነገሩ ገባቸው። ግፊቱ የቀነሰ ቧንቧ የት ላይ እንደጠበበ ሳይታይ አይተውም፣ ተነስ እንሂድ ይሏቸው ነበር። ወንድሜ ግን ዕድሜ ነው እያሉ፣ በመቀመጫ በኩል የሚመረምረው የሐኪም ጣት እየታሰባቸው፣ ሁለት ዓመት ፈጁ። አቶ ሀምዱ፣ እኔም አፍሬ ነበር፣ ሳላውቀው አለቀ ብለው በ2014 ዓ.ም. እንደ ምንም ወሰዷቸው። የደም ምርመራውም፣ ከእጢው የተወሰደው ናሙናም ካንሰር መሆኑን አሳየ። ከእጢው አልፎ አጥንት ነክቷል፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ሌላ ነገር ነበር ተባሉ። በመርፌና በመድኃኒት አራት ዓመት ኖሩ። ሸዋገነት ታውቅ ነበር፣ አስምለዋታል። ሀምዱ ያውቁ ነበር። የማላውቀው እኔ ነኝ።

ባለፈው ኅዳር ወገባቸው አላስቀምጥ ሲላቸው ተሸክመን ሆስፒታል ገባን። ሐኪሟ፣ «የሕመሙን ታሪክ የሚያውቅ ማነው?» አሉ። ልጃቸው ኃይለመስቀል ወደ እኔ ዞረ። ከመሃላችን ወጥተው፣ ሁሉንም እያንዳንዱን የተናገሩት አቶ ሀምዱ ናቸው። የትኛው መርፌ መቼ እንደተሰጠ፣ የቱ እንዳስመለሳቸው። ያን ዕለት ያንን ሰው በዓይኔ ማየት ጠላሁ። ዛሬ የሕይወታቸውን ታሪክ አንብብ የተባልኩት ወንድማቸው፣ የሕመማቸውን ታሪክ ከጎረቤት ሰማሁ!

ማታውን ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳቸው። ጋሼ፣ እኔ ምን በደልኩ? ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጭቃ ላይ አዝዬህ ነበር እኮ» አሉኝ። «አዝዬ ያሳደግኩህ ልጅ ሱሪዬ ረጥቦ ሲያየኝ አልችልም። ሀምዱን አላዘልኩትም።» ቢነግሩኝ ኖሮ በየዛፉ ሥር እቆም ነበር፤ ይህን አልኳቸው። እጃቸውን አወናጨፉና ወደ ዋናው ጉዳያቸው ገቡ። ሐኪሟ የታማሚ ወንድም ቀድሞ መመርመር አለበት ብላለችና ሂድ፣ ሀምዱ ይወስድሃል አሉ።

ከሁሉም ሰው ሀምዱ! አልሄድኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ ሱቅ አለብኝ እያልኩ ታኅሣሥን አሳለፍኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያ ሰሞን ማታ መነሳት ጀምሬ ነበር። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ሸዋገነትን፣ ደግፌ ሄደ ወይ ይሏታል። እሷም አልሄደም ትላቸዋለች። ሲከሱ፣ ድምፃቸው ሲጠፋ፣ የሚጠይቁት ያንኑ ነበር።

ጥር ላይ አቶ ሀምዱ ሳልጠራቸው አስኮ መጥተው ከደጄ ላይ የመኪናቸውን ጥሩንባ ነፉ። እኔም ገባሁ፤ ግን ከኋላ ተቀመጥኩ። እሳቸውም መኪናውን አስነሱ። 18 ማዞሪያ ልንደርስ ስንል መንገዱ ተዘጋ፣ ሽንቴ መጣ። ቢገድለኝ ለእሳቸው አልናገርም ብዬ ጉልበቴን ገጥሜ ተቀመጥኩ። አቶ ሀምዱ ከአንድ ሱቅ ፊት ዳር ያዙና፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ «ደግፌ፣ በጓሮ በኩል መጸዳጃ አለ፣ ክፍት ነው። ሰብስቤ ሁልጊዜ እዚህ ነበር የሚወርደው» አሉኝ። ወረድኩ። ያን ሁሉ ዘመን እነሱ ሻይ ሲጠጡ የመሰለኝ በየመንገዱ ይህ ነበር። ስመለስ ከፊት ተቀመጥኩ።

ምርመራውን አደረግኩ። እንዳሉት ሳላውቀው አለቀ። ውጤቱ ሲመጣ የእኔም እጢ ነገር ተገኝቶበታል፤ ነገር ግን ገና ስላልተዛመተ ይታከማል ተባልኩ። ይህን ለወንድሜ በራሴ አፍ ልነግር እየሮጥኩ ቤታቸው ደረስኩ። ለካ ሀምዱ በስልክ ቀድመውኛል! ያንን እንኳ አልተዉልኝም። በንዴት አልጋው አጠገብ ቆሜ ሳለ ወንድሜ እጄን ያዙኝና፣ በሹክሹክታ፣ «ከፊት ተቀመጠ አለኝ» አሉ። ፈገግ አሉ። የእኔን ቅናት ስንት ዘመን ሙሉ ያውቁ ኖሯል።

ደግፌ ሄደ ወይ ብለው ከዚያ በኋላ አልጠየቁም። አቶ ሰብስቤ ዘርጋ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ቀራንዮ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ሃምሳን ያለፋችሁ ወንዶች፣ በተለይ የታማሚ ወንድምና ልጅ የሆናችሁ፣ ከዚህ አጥር ስትወጡ ሄዳችሁ እንድትታዩ አደራ ብለዋል። ኃይለመስቀል፣ አንተንም ነው። የሚያፍር ሰው ካለ እኔ እወስደዋለሁ፤ መቆሚያዎቹን አሁን አውቃቸዋለሁ።

አቶ ሰብስቤ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሸዋገነትን፣ ልጆቻቸውን ኃይለመስቀልንና ኤልሻዳይን፣ የልጅ ልጃቸውን ሉሲን፣ እንዲሁም ሁለት ወንድሞችን፣ ሀምዱንና ደግፌን ትተው አልፈዋል። የሀምዱን ስም ከእኔ ስም ያስቀደመችው ሸዋገነት ናት። ላርመው እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ ተውኩት።

ጌታ ሆይ፣ ሲጓዙ ደጋግመው መቆም ያሳፈራቸውን ወንድማችንን አንተ ዘንድ አሳርፋቸው። ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር አኑርልን፤ አሜን።